ከአህያ ጋር የተቆራኘው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ካራቴ የምታስተምር አንዲት አህያ ነበረች። አትሳቁ! ሳቅ ካማራችሁ ቆይታችሁ ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን ይህን ነገር ባወራሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ንዴት ነው።

የአህያዋ ስም ዳለቻ ይባላል። ልጆቹ «እትዬ ዳለቻ» ይሏታል። በጉልበቷ ዘመን እህል ጭና ከገበያ ገበያ ስትንከራተት፣ ባለቤቷ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስራት ከአንድ የወጣቶች አዳራሽ አጥር ላይ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ልጆች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በቀበቶ ሸብ አድርገው ካራቴ ይማራሉ። እሷም ጆሮዋን አቁማ በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ፣ ስታይ፣ ሦስት ዓመት ሞላት። እርግጫውን እንኳ መማር አላስፈለጋትም፤ አህያን እርግጫ ማን ያስተምራታል! የገረማት ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ልጆች ከመጋጠማቸው በፊት እጅ ይነሳሳሉ፤ ከጨረሱም በኋላ እጅ ይነሳሳሉ። አስተማሪያቸው ደግሞ «ይህን ጉልበት የሰጠኋችሁ እንዳትፈሩ ነው እንጂ እንድታስፈራሩ አይደለም» ይላቸዋል።

«ወይ ጉድ!» አለች ዳለቻ በልቧ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ስራገጥ ይህን የነገረኝ የለም።»

አርጅታ መጫን ሲያቅታት ለቀቋትና ወደ ዱር ገባች። ይዛው የመጣችው ንብረት ቢኖር አንድ የቆዳ መጫኛ ነው፤ ያው ሸክሟ ይታሰርበት የነበረ ረጅም ጠፍር። ጃርት በጥርሷ ቆራረጠችላትና ከእሱ ለልጆች ሁሉ ቀበቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከወንዙ ማዶ ባለው ጨፌ ላይ የጦጣው፣ የከርከሮው፣ የሚዳቋዋ፣ የአያ ጅቦም ልጅ ሳይቀር ጠዋት ጠዋት ይሰለፍ ጀመር።

ትምህርቱ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው ወር መቆም ነው። መቆም ብቻ! ዝንብ ቢያርፍብህ፣ ጓደኛህ ቢስቅብህ፣ ዝናብ ቢመጣብህ መቆም። ሁለተኛው ወር እጅ መንሳት፣ ሦስተኛው ወር መከላከል። እርግጫ የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም አየር ላይ። የከርከሮው ልጅ «እትዬ፣ መቼ ነው የምንማታው?» ብሎ ስንቴ እንደጠየቃት እሷ ናት የምታውቀው።

ሁለት ልጆች የተጣሉ እንደሆነስ? አትገርፍም፣ አትጮህም። የአንዱን ቀበቶ ከሌላው ቀበቶ ጋር ቋጥራ ታቆራኛቸዋለች። ይህን የተማረችው ከአዳራሹ ሳይሆን ከእናቷ ነው። እናቷ የአንድ ዳኛ አህያ ነበረች፤ በዚያን ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ፊት የሚቀርቡት። እትዬ ዳለቻ ታዲያ የራሷን ሕግ ጨመረችበት።

«ተቆራኝታችሁ ትውላላችሁ፤ ውሃ አብራችሁ፣ ጥላ አብራችሁ» ትላቸዋለች። «የምፈታችሁ እያንዳንዳችሁ የሌላውን በደል ስትነግሩኝ ነው። የራሳችሁን አይደለም፣ የሌላውን! ባለበደሉ ‹አዎ፣ እሱ ነው› ካለ ትፈታላችሁ። ቁራኛውን የበጠሰ ግን እዚያው ተረታ።»

የአያ ጅቦ ልጅ ጥጋቡ ይባላል። ይህ ልጅ አንድ ክፉ ልማድ ነበረው፤ የሚዳቋዋ ልጅ ዘለቀች ውሃ ልትጠጣ ወደ ወንዝ ስትወርድ ከኋላዋ ተደብቆ ይስቃል። የጅብ ሳቅ ደግሞ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ዘለቀች ዞር አለችና ጥርሱን በእርግጫ አለችው። ደማ። እትዬ ዳለቻ ሁለቱንም ጠርታ አቆራኘቻቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ሲጓተቱ ዋሉ። እሱ ወደ ቁጥቋጦ፣ እሷ ወደ ሳር። በሁለተኛው ቀን ውሃ ጠማቸውና አብረው ወደ ወንዝ ወረዱ። እዚያ ሲደርሱ ጥጋቡ የዘለቀች እግር ሲንቀጠቀጥ አየ፤ የሳቀ ግን ማንም አልነበረም።

«ዘለቀች» አላት፣ «ከኋላሽ ስስቅ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ አንቺ የምትሰሚው የአባቴን ድምፅ ነው። ውሃ ሳትጠጪ የምትመለሺው በእኔ ነው።»

የዘለቀች ዓይን እንባ አቀረረ። «አዎ፣ እሱ ነው» አለች። ትንሽ አሰበችና ደግሞ «ጥርስህ ሲደማ ልጆቹ ሁሉ ‹ደግ አደረገች› አሉ። አንዳቸውም ‹አመመህ ወይ?› አላሉህም፤ ጅብ ስለሆንክ» አለችው።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለ ጥጋቡ።

እትዬ ዳለቻ ፈታቻቸው። ጥጋቡም በዚያው ሳምንት በቅጠል ጭማቂ የተቀባ አረንጓዴ ቀበቶ ተሸለመ፤ ከዚያ ወዲህ ሲተኛም አያወልቀውም። ሁለቱም ወንዝ አብረው ይወርዱ ጀመር።

ይህ ማንን ያስከፋል? እናንተው ንገሩኝ እስቲ! አንዲት የሚከፋት ግን ነበረች፤ እሷም እመት ቀበሮ ናት። ቀበሮ የምትኖረው በሰው ጠብ ነበራ! ሁለት ጎረቤት ተጣልቶ እንደሆነ ወደዚህኛው ትሮጥና «ያኛው እንዲህ አለህ» ትላለች፤ ወደዚያኛው ትሮጥና «ይኼኛው እንዲህ አለህ» ትላለች። ነገሩ ሲጋጋም «ላስታርቃችሁ» ብላ መካከል ትገባለች፤ ከሁለቱም ወገን ለድካሟ አንድ አንድ ቅልጥም ይቆረጥላታል። እንግዲህ ልጆቹ እንዲህ እርስ በርስ እየተሰማሙ ካደጉ፣ ነገ ቀበሮ ምን በልታ ልታድር ነው?

ጊዜ አላጠፋችም፤ አያ ጅቦ ጋ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ እንደምን ዋልክ? ልጅህ ተፈታልህ ወይ?»

«ከምን?»

«ውይ በሞትኩት! አልነገሩህም እንዴ? ሁለት ቀን ሙሉ ከሚዳቋ ጋር በጠፍር ታስሮ ዋለ!»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «ከሚዳቋ ጋር? ታዲያ ስንት ቀን በላት?»

«አልበላትም።»

«ኧረ?»

«ይቅርታ ጠየቃት።»

አያ ጅቦ ብድግ አለ። «ይቅርታ?! የጅብ ልጅ? እኔ የላክሁት እኮ መራገጥ ተምሮ እንዲያድንልኝ ነው! ማን ነው ይቅርታ አስተምሩልኝ ያላችሁ?»

«እኔም እሱን ነው የምለው» አለች ቀበሮ በሐዘን ድምፅ። «አያ አንበሶ ዘንድ እንክሰሳት። አንተ ክሰስ፣ እኔ ነገረ ፈጅ እሆንሃለሁ። ብትረታ ደግሞ አህያዋ ለማን እንደምትሰጥ መቼም አልነግርህም።»

«ለማን ነው የምትሰጠው?»

«አይ አያ ጅቦ! ለከሳሿ ነዋ!»

ጅቡ ነገሩ አልገባውም፤ ሆዱ ግን ገባው። ሁለቱም ተነስተው ሄዱ።

አያ አንበሶ ምሳውን በልቶ ዋርካው ጥላ ሥር ተንጋሏል። ጫካው ሁሉ ተሰበሰበ፤ ሚዳቋዋ፣ ከርከሮው፣ ጦጢት፣ ልጆቻቸውን ለእትዬ ዳለቻ የሰጡ ወላጆች በሙሉ፣ ልጆቹም ጭምር አሉ። ቀበሮ ነጠር ብላ ወጣችና አቤቱታዋን አሰማች።

«ጌታዬ፣ ይህች አህያ ልጆቻችንን ድብድብ ታስተምራለች። ዝም ካልናት ነገ ጫካው የደም ጫካ ይሆናል።» ጉሮሮዋን ጠራረገችና ቀጠለች። «በዚያ ላይ ልጆቻችንን ፈሪ አድርጋብናለች። ለጠላታቸው እጅ እየነሱ ይቅርታ ይለምናሉ።»

አያችሁልኝ? ድብድብ አስተማረች፤ ደግሞ ፈሪ አደረገች! ሁለቱ እንዴት በአንድ አፍ ይነገራሉ ብሎ የጠየቀ አንድ እንስሳ ይኖራል? የለም! ከርከሮው ባለፈው ሳምንት «እትዬ፣ ልጄ ከወንድሙ ጋር መናከስ ተወልኝ፣ እድሜ ይስጥልኝ» ብሎ ጉልበቷን ሊስም የደረሰው፣ እሱ ራሱ መሬት መሬት ያያል። ሚዳቋዋ ሳር ትነጫለች። ጦጢት ደግሞ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላ በሹክሹክታ ባሏን መከረችው። ኤድያ! አፍ የተሰጣቸው ለዝንብ ነው እንዴ?

እትዬ ዳለቻ እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ ልጆቹ ይጠየቁልኝ። ያስተማርኳቸውን እነሱ…»

«ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም!» ብሎ አቋረጣት አንበሳው፤ በራሱ ቀልድም ከት ብሎ ሳቀ። እሱ ሲስቅ ሸንጎው ሁሉ ሳቀ። አዎ፣ ወላጆቹም ሳቁ!

እትዬ ዳለቻ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። «እንግዲያውስ ልጆቹን እንደማደርጋቸው ከከሳሼ ጋር አቆራኙኝ። እኔ በደሉን ልስማ፣ እሱም የእኔን ይስማ። ካልተግባባን ያን ጊዜ ይፍረዱ።»

«ከአያ ጅቦ ጋር?» አለ አንበሳው፤ ቀና ብሎ አያት። «አብደሻል? ይሁን። የዋርካው ጥላ ከዚያ ድንጋይ እስኪደርስ ተቆራኙ። ቁራኛውን የበጠሰ ይረታ፤ ይህ የቆየ ሕግ ነው።»

ቀበሮ ፈጠን ብላ «ጌታዬ፣ አንዲት ነገር ብቻ!» አለች። «ይህች አህያ ድብድብ አላስተምርም ባይ ናት። እንግዲህ አንዴ እንኳ ከተራገጠች ውሸቷ ወጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ ትምህርቱም ይዘጋ፣ እሷም ለአያ ጅቦ ትሰጥ።»

«ይሁን» አለ አንበሳው እያዛጋ። ራሱን እግሩ ላይ ጣል አድርጎ ተኛ።

እስቲ ፍረዱ! አህያዋ እንዳትራገጥ ተከለከለች። ጅቡስ እንዳይነክስ ተከለከለ? ስለ ጥርስ የተናገረ አለ? ያን ሁሉ ጆሮ ይዞ የተሰበሰበው ሸንጎ ይህን መስማት አቃተው? አላቃተውም። ሰምቷል። ሰምቶ ነው ዝም ያለው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ጅቡ ቀበቶ ስላልነበረው ቀበሮ የጥጋቡን አረንጓዴ ቀበቶ ከወገቡ ላይ መዝዛ ወሰደች። ልጁ «የኔ ነው!» ቢል ማን ሰምቶት። አንዱን ጫፍ በአያ ጅቦ አንገት፣ ሌላውን በእትዬ ዳለቻ ቀበቶ ላይ ቋጠረችውና ፈገግ ብላ ዞር አለች።

እትዬ ዳለቻ ወደ ጅቡ ዞረች፤ እጅ ነሳችውም። «አያ ጅቦ፣ በደልህን ንገረኝ።»

«በደሌ? ራበኝ።»

«እሺ፣ ርቦሃል። ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

እትዬ ዳለቻ ትክ ብላ አየችው። ጥርሱ ተሸራርፏል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ የኋላ እግሩ ያነክሳል። «ልንገርህ?» አለችው ቀስ ብላ። «አርጅተሃል። ማደን እያቃተህ ነው፤ ለማንም ግን አልተናገርክም፣ ያፍሩብኛል ብለህ። ተስፋህ ሁሉ ልጅህ ላይ ነበር። እሱ ደግሞ ከእኔ ዘንድ ሌላ ልጅ ሆኖ ተመለሰብህ። ‹ነገ ማን ያበላኛል?› ብለህ ፈርተሃል።»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። ሕይወቱን ሙሉ ሰው ሲሸሸው እንጂ እንዲህ ሲያወራው ሰምቶ አያውቅም። «ማ… ማን ነገረሽ?» አለ። ዓይኑ ቡዝዝ አለ። «አዎ… እ…»

ሊላት ነበር! እመኑኝ፣ «አዎ፣ እሱ ነው» ሊላት ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቀበሮ ግን ከጀርባው ዘለል ብላ ጆሮው ላይ ተለጠፈች።

«አንተ ሞኝ! ሲሳይህ አጠገብህ ቆማልህ ወሬ ትሰማለህ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል አልሰማህም? እሷ እንደሆነች አትራገጥም፣ ታስራለች! ብላ!»

ብላ የሚለውን ቃል ሲሰማ ሌላው ሁሉ ጠፋበት። ዞረና ታፋዋን ነከሳት።

ደሟ ፈሰሰ። የኋላ እግሯ ብድግ አለ። ያ እግር ቢወርድ ኖሮ የአያ ጅቦ መንጋጋ ሁለት ቦታ ይሰበር ነበር፤ ትምህርቱም በዚያችው ቅጽበት ያበቃለት ነበር። እትዬ ዳለቻ ዓይኗን ጨፈነች። እግሯን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ መለሰችው። ቆመች።

ቀበሮ «ድገማት!» አለች።

ጅቡ ሊደግማት አፉን ሲከፍት አንድ ነገር ፊቱ ተገተረ። ጥጋቡ ነው። ቀበቶ የለውም፤ ግን ቆሟል። ለአባቱ አጎንብሶ እጅ ነሳ።

«ዞር በል አንተ!» አለ አያ ጅቦ።

«አልዞርም፣ አባባ።»

«እነክስሃለሁ!»

«ንከሰኝ። አልመታህም። ግን አልዞርም።» ወደ ሸንጎው ዞረና ድምፁን ከፍ አደረገ። «እትዬ እንዳትራገጥ ተከለከለች፤ አባቴ እንዳይነክስ የከለከለው ማነው? እኔ ልጁ ነኝ፣ አፍሬያለሁ! እናንተስ? የእናንተ አባት አይደለም፣ ስሙ ይጠፋል ብላችሁ አትፈሩለትም! ምን ሆናችሁ ነው የምታዩት?»

ወላጆቹ ወደ ሳራቸው ጎነበሱ። ዘለቀች ግን ከእናቷ ጎን ተነሳች። እናቷ «ተቀመጪ!» ብላ ጭራዋን ብትይዛት ነጥቃት ሄዳ ከጥጋቡ ጎን ቆመች፤ ከጅብ አፍ አንድ ስንዝር ርቀት! ቀጥሎ የከርከሮው ልጅ መጣ። የጦጣው ልጅ ከዛፍ ወርዶ ተሰለፈ። አንድ፣ ሁለት እያሉ ሁሉም በእትዬ ዳለቻና በጅቡ መካከል ተደረደሩ። አንዱም እጁን አላነሳም፣ አንዱም አልተሳደበም። እጅ ነሱና ቆሙ፤ በቃ።

አያ ጅቦ ወዲህ ቢል ልጅ፣ ወዲያ ቢል ልጅ። ያን ሁሉ ገፍቶ እንዳይሄድ ደግሞ ከፊት ያለው የራሱ ልጅ ነው፤ እሱን መንከስማ ጅብም ቢሆን አቃተው። ሆዱ ጮኸበት። የደም ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገብቷል። ለአፉ የቀረበ ነገር ቢፈልግ፣ ቢፈልግ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ጠፍር አገኘ። የቆዳ ጠፍር! በደም የራሰ!

ቆረጥ፣ ቆረጥ፣ ቆረጥ።

ቀበሮ ዓይኗን ማመን አቃታት። ሁሉን ነገር አስባለች፤ ሕጉን፣ ዳኛውን፣ ሸንጎውን። ጅብ ቆዳ ካገኘ ዳኛ ፊት እንኳ እንደማይተወው ግን ዘነጋችው! «አንተ! ተው! ቁራኛው ነው እኮ!» ብላ ጮኸች።

«ትንሽ ብቻ…» አለ አያ ጅቦ፣ ጉንጩ ሞልቶ።

ጩኸቷ አንበሳውን ቀሰቀሰው። «ምንድን ነው እሱ? ጥላው ደረሰ?» ቀና ብሎ ሲያይ አህያዋ ታፋዋ እየደማ ቆማለች፣ ልጆች ተሰልፈዋል፣ ጅቡ ያላምጣል። «ቁራኛው የት አለ?»

አያ ጅቦ ዋጠ። «የቱ?» አለ።

አንበሳው ቀበሮን አያት፤ ሰማይ ሰማይ ታያለች። በገዛ አፉ የተናገረውን ሕግ ሸንጎ ፊት ማጠፍ አይችል ነገር! «ቁራኛውን የበጠሰ ተረታ» አለ በቁጣ። «ትምህርቱ ይቀጥል። ሂዱልኝ፣ እንቅልፌን!»

እልልታው ቀለጠ። ያ መሬት መሬት ሲያይ የነበረ ሁሉ አንገቱን አቀና። ጦጢት «እኔ እኮ ድሮም ተናግሬያለሁ!» አለች። ከርከሮው «ጎበዝ እትዬ! ኮራንብሽ!» እያለ አጨበጨበ።

«አታጨብጭቡ!»

እትዬ ዳለቻ ናት። እንዲህ ጮኻ ሰምተዋት አያውቁም፤ ሸንጎው ማጨብጨቡን አቆመ።

«ለማን ነው የምታጨበጭቡት? ደሜ ሲወርድ አይታችኋል። የተነገረውን ግፍ ሰምታችኋል። አንበሳ ሲስቅ ስቃችኋል! አንድ ዓመት ሙሉ ልጆቻችሁን ‹የሌላውን በደል ስሙ› እያልኩ አስተማርኩ፤ ጠዋት እየላካችሁ ‹ጸባይ አስተምሪልን› ትሉኛላችሁ። ጸባዩ ለእነሱ ብቻ ነው? ጅቡስ ጅብ ነው፣ ርቦት ነው። እናንተ ምን ርቧችሁ ነው?»

ሚዳቋዋ ማልቀስ ጀመረች።

እትዬ ዳለቻ ወደ አንበሳው ዞረች። «ጌታዬ፣ ፍርዱን ተቀብያለሁ። አሁን በደሌን ይንገሩኝ።»

«በደልሽን?» አለ አንበሳው። «ረታሽ አይደለም እንዴ? ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«መርታቴንማ አውቃለሁ። በደሌ ምን እንደነበር ግን አላወቁትም።»

አንበሳው ጎፈሩን ነሰነሰ፣ አዛጋ፣ ተነስቶም ወደ ጥሻው ገባ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች እትዬ ዳለቻ ለቀሩት። «ከነገ ጀምሮ ልጆች አላስተምርም። ልጆቹ ተምረዋል። የምትሰለፉት እናንተ ናችሁ። ያልመጣ ልጁን አይላክብኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ሳሩ ላይ፣ ወላጆቻቸው ተቀምጠው ወሬ የሚያወሩበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። ቀድማ የመጣችው ሚዳቋዋ ናት። ከርከሮው ጉልበቴን ያመኛል እያለ አርፍዶ መጣ። ጦጢት ግማሹን ጊዜ ዛፍ ላይ ሆና ካየች በኋላ አፍራ ወረደች። እመት ቀበሮ አገር ለቃ ሄዳለች፤ ጠብ የማይጠፋበት ሌላ ጫካ አታጣም።

አያ ጅቦም መጣ፤ የበላው ጠፍር ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ልጁ ደግፎታል። የደረሰው ቦታ ከሚዳቋዋ ጎን ነበር። እሷ ተንቀጠቀጠች። እሱም አያት፣ ምራቁን ዋጠ። ልጁ ከሳሩ ላይ ሆኖ ያየዋል። አያ ጅቦ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አለ፣ ከዚያ አጎነበሰ። እጅ ነሳት። አነሳሱ ጠማማ ነበር፣ ሊወድቅም ምንም አልቀረውም፤ ግን ነሳት። ከልጆቹ መካከል አንድም የሳቀ የለም።

አንበሳው አልመጣም። እስከ ዛሬም አልመጣም። በሰልፉ ፊት ለፊት ለእሱ የተተወው ቦታ ባዶውን ነው፤ እኔም እሱን ቦታ ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጆቻችንን «ጠባችሁን በጥርስ ሳይሆን በቃል ፍቱ» እያልን የምንልክ ትልልቆች፣ ግፍ ዓይናችን ሥር ሲፈጸም ዝም የምንል ከሆነ፣ ከልጆቻችን ቀድመን ተሰልፈን መማር ያለብን እኛው መሆናችንን ነው።